የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ የትምህርት ዘርፉን እንዴት ይምረጥ?

«የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይላሉ አባቶቻችን። የፈሰሰው እህል ከሆነ ጎንበስ ብሎ መልቀም ይቻላል፤ የፈሰሰ ዓመት ግን አይለቀምም። ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናነሣ የወደድነው ጉዳይ ብዙ ወጣቶች ቸኩለው የሚያፈሱበትን ቦታ ነው። ይኸውም የ10ኛ ክፍል ተማሪ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን መርጦ ወደ 11ኛ ክፍል የሚሻገርበት ጊዜ ነው።

ይህን የምንጽፍ በልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር አምስት ወጣቶች ነን። ክረምት ሲገባ ወደየቤታችን ተመልሰን ታናናሾቻችንን እናስጠናለን። ባለፈው ክረምት 9ኛ ክፍልን ያጠናቀቀች አንዲት እህታችን ከጥናት በኋላ ቀርታ «ለመሆኑ የትኛው ይሻለኛል?» ስትል ጠየቀችን። ከአምስታችን አምስት ዓይነት መልስ ሰማች። ከመጣችበት ይልቅ ግራ ተጋብታ ሄደች። ብቻችንን ስንቀር ግን እርስ በርሳችን ተያየን፤ ለካ ከመካከላችን በሚገባ አስቦ የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም! ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ለእርሷ ሳንሰጣት የቀረነው መልስ ነው።

ሀ/ ምርጫው በየትኛው ደረጃ ይመጣል?

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን 8 ዓመት፣ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃን 2 ዓመት፣ መሰናዶን 2 ዓመት አድርጎ ነበር። የዛሬው አደረጃጀት ደግሞ 6 ዓመት የመጀመሪያ ደረጃ፣ 2 ዓመት መካከለኛ ደረጃ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ነው። አከፋፈሉ ቢለዋወጥም አንድ ነገር አልተለወጠም፤ 9ኛና 10ኛ ክፍል ሁሉም ተማሪ ሁሉንም ዋና ዋና ትምህርት በአንድነት የሚማርባቸው ሲሆኑ፣ መንገዱ የሚለያየው 11ኛ ክፍል ላይ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪንና ባዮሎጂን ይዞ ይሄዳል። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊን፣ ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ይዞ ይሄዳል። እንግሊዝኛና ሒሳብ ግን ሁለቱንም ተከትለው እስከ 12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ይደርሳሉ።

ይህ አሠራር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአብነት ት/ቤትም ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ተምሮ፣ ዳዊት ደግሞ ነው ወደ ዜማ ቤት ወይም ወደ ቅኔ ቤት የሚሻገረው። ንባቡ ያልቀናለት ልጅ «እኔ ቅኔ መርጫለሁ» ቢል የኔታ ፈገግ ብለው ወደ ንባቡ ይመልሱታል እንጂ አይቀበሉትም። መሠረቱ ይቀድማል፤ ምርጫው ይከተላል። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል የሚገኙት ሁለት ዓመታትም የንባብ ቤት ዓመታት ናቸው ማለት እንችላለን።

ለ/ የአንድ ወንድምና የአንዲት እህት ምሳሌ

ስማቸውን ሳንጠቅስ ከመካከላችን የሁለቱን ታሪክ እናቅርብ።

ወንድማችን ከልጅነቱ ታሪክና ጂኦግራፊ ይወድ ነበር። ካርታ ሲያገኝ ምግብ ይረሳል። የ10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ከአባቱ ጋር እንዲህ ተነጋገሩ፤

«አባባ፣ እኔ ማኅበራዊ ሳይንስ ልገባ አስቤያለሁ፤ ታሪክና ጂኦግራፊ ነው የምወደው።»

«ልጄ፣ መውደድህ ጥሩ ነው። ተምረኸው ምን ትሠራበታለህ?»

ወንድማችን መልስ አልነበረውም። ዝም አለ። በማግስቱ ከጓደኞቹ ጋር ተሰልፎ የተፈጥሮ ሳይንስ ብሎ ሞላ። ፊዚክሱን ሳይወደው በሽምደዳ ገፋው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይም ግማሹን ነጥብ ማምጣት አቃተው። ሪሚዲያል በሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አንድ ተጨማሪ ዓመት ካሳለፈ በኋላ ዛሬ ልቡ በሌለበት ክፍል ይማራል። እርሱ ግን «ጥፋቱ የአባቴ አይደለም፤ አባቴ የጠየቁኝ ተገቢውን ጥያቄ ነው፤ መልሱን ቀድሜ አለመፈለጌ ነው የጎዳኝ» ይላል። እውነቱን ነው። ጂኦግራፊ የተማረ ሰው በመሬት አስተዳደር፣ በካርታ ሥራና በአካባቢ ጥናት እንደሚሰማራ፣ ታሪክ የተማረ በቅርስ አያያዝና በማስተማር እንደሚያገለግል፣ የሕግ ትምህርትም ከማኅበራዊ ሳይንስ መንገድ እንደሚገኝ በዚያች ሰዓት ቢያውቅ ኖሮ ውይይቱ በዝምታ ባልተዘጋ ነበር።

የእህታችን ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ባዮሎጂ ትወድ ነበር፤ ምኞቷም የመድኃኒት ቀማሚነት ነበር። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ላይ ታማ ብዙ ሳምንት ከትምህርት ገበታ ስለቀረች የሒሳብ ውጤቷ ወደቀ። ያመለጣትን ምዕራፍ ተመልሳ ከማጥናት ይልቅ «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርኩም» ብላ ደመደመች፤ ከሒሳብ ለመሸሽም ማኅበራዊ ሳይንስን መረጠች። 11ኛ ክፍል ስትገባ ሒሳብ እዚያም ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ኢኮኖሚክሱም በግራፍና በቀመር የተሞላ ሆነባት። ግድ ሆኖባት አጠናች፤ ገባትም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ናት፤ ውጤቷም መልካም ነው። ከሒሳብ የሸሸች ልጅ በሒሳብ መዝገብ መካከል ተቀምጣ ስናያት እንስቃለን፤ እርሷም ትስቃለች። አንድ ቀን ግን ሳቋን አቁማ «ችሎታው ነበረኝ ማለት አይደል?» ስትለን ሁላችንም ዝም አልን። የመድኃኒት ቅመማ በር ከተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ነውና ለእርሷ ተዘግቷል።

ሁለቱም የመረጡት ዘርፍ በራሱ መጥፎ አልነበረም። የተጎዱት መንገዱን ሳያውቁ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ፣ ሌላዋ ከፍርሃት ሸሽታ ስለገቡበት ነው።

ሐ/ ምርጫን የሚያጣምሙ ምክንያቶች

1ኛ፦ ክብር ፍለጋ። «ጎበዝ ተማሪ ተፈጥሮ፣ ሰነፍ ተማሪ ማኅበራዊ» የሚል አነጋገር በየት/ቤቱ ይሰማል። ለዚህ አነጋገር መስፋፋት አንዱ ምክንያት በ2000 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 100 ተማሪዎች 70 ያህሉ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ የሚያደርገው አሠራር ሳይሆን አይቀርም። የዚያ አሠራር ዓላማ ግን አገሪቱ የሚያስፈልጓትን ባለሙያዎች ማፍራት እንጂ ተማሪን በጎበዝና በሰነፍ መለየት አልነበረም። የመንደር ንብረት ክርክር በሕግ አዋቂ እንጂ በመሐንዲስ አይፈታም፤ ድልድይም በሕግ አዋቂ አይሠራም።

2ኛ፦ ጓደኛን መከተል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» እንደሚባለው የጓደኛ ዝንባሌም ለእኛ አይሆንም። ጓደኝነት በክፍል መለያየት አይፈርስም፤ የማይስማማ ትምህርት ግን ሰውን ያፈርሳል።

3ኛ፦ መምህርንና ትምህርትን አለመለየት። አንድን ትምህርት የጠላነው መምህሩ ስለሚቆጡ፣ የወደድነውም መምህሯ ሲያስረዱ ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑ ሊሆን ይችላል። መምህር በየዓመቱ ይለወጣል፤ ትምህርቱ ግን አብሮን ይቆያል።

4ኛ፦ ከሒሳብ መሸሽ። ከሒሳብ የሚያስመልጥ በር የለም። አንድ የጂኦግራፊ ምሳሌ እናንሣ። ስኬሉ 1፡50,000 በሆነ ካርታ ላይ ሁለት መንደሮች በ8 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ በመሬት ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል? 8 ሲባዛ በ50,000፣ 400,000 ሳንቲ ሜትር፤ ይህም 4 ኪሎ ሜትር ነው። ፊዚክስ ላይ የፍጥነትን ግራፍ ዝንባሌ ማስላት የተለማመደ ተማሪም ኢኮኖሚክስ ላይ የፍላጎትን መሥመር ሲያገኝ አይደነግጥም፤ ስሌቱ ያው ነውና።

አንዱ ዘርፍ ቀላል፣ ሌላው ከባድ ነው የሚለው ግምትም አያዛልቅም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ሆነው ሲፈተኑ፣ በሁለቱም ዘርፎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በድምሩ ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙዎች ወድቀዋል። ይህም የሚያስተምረን ዘርፍ ከመምረጥ በፊት ከሥር የጎደለው መሠረት መሞላት እንዳለበት ነው።

መ/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ደብተር እንመድብ። ለየትምህርቱ አንድ አንድ ገጽ ከፍለን በየሳምንቱ አራት ነገሮችን እንጻፍ፤ ማንም ሳያዘን ያነበብነውን፣ ያልገባን ቦታ የቱ ላይ እንደሆነ፣ ለሌላ ሰው ያስረዳነውን፣ በመጨረሻም የፈተና ውጤታችንን። ውጤቱን መጨረሻ ላይ ያደረግነው በምክንያት ነው። በሽምደዳ 80 ማምጣት ይቻላል፤ ለታናሽ እህት ማስረዳት ግን ያልገባው ሰው የሚያደርገው አይደለም። ሁለት መንፈቅ እንዲህ ከጻፍን በኋላ ደብተሩን ስንገልጥ ዝንባሌያችን በራሳችን እጅ ተጽፎ እናገኘዋለን።

ሁለተኛ፣ «ሒሳብ አይገባኝም» በሚል ጥቅል ቃል አንርካ። የቱ ነው ያልገባን? ክፍልፋይ ነው? እኩልታ ነው? ብዙ ጊዜ የ9ኛ ክፍል ችግር ሥሩ 7ኛ ወይም 8ኛ ክፍል ላይ ይገኛል። ሳናፍር ወደዚያ ተመልሰን የታችኛውን ክፍል መጽሐፍ እንክፈት። እህታችን ያጣችው ይህን አንድ ወር ነው።

ሦስተኛ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንጠይቅ። ሕክምና፣ ነርስነት፣ የመድኃኒት ቅመማና ምሕንድስና ከተፈጥሮ ሳይንስ በኩል ይገኛሉ። ሕግ፣ የሒሳብ አያያዝ፣ ሥራ አመራርና ጋዜጠኝነት በማኅበራዊ ሳይንስ በኩል ናቸው። በአካባቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ፣ ፍርድ ቤት፣ ባንክ ወይም የእርሻ ጽ/ቤት የሚሠሩትን ታላላቆች ቀርበን «ጠዋት ገብታችሁ እስከ ማታ ምን ትሠራላችሁ?» ብለን እንጠይቅ። የሥራው ስም አንድ ነገር ነው፤ የሥራው ውሎ ሌላ ነው። እግረ መንገዳችንንም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የሚባል ሦስተኛ መንገድ መኖሩን አንርሳ። እጁ ለኤሌክትሪክ ወይም ለብረታ ብረት ሥራ የተፈታ ልጅ እዚያ ቢገባ ዕድሉን አገኘ እንጂ አልወደቀም።

አራተኛ፣ ዘርፋችንን ብናውቅም እንኳ 10ኛ ክፍልን እስክንጨርስ ሌላውን ትምህርት አንጣል። ሐኪም የሚሆነው ልጅ የአገሩን ታሪክና የአየር ጠባይ የሚማርበት ጊዜ ይህ ነው። ዳኛ የምትሆነውም ልጅ ስለ ደምና ስለ ጀርም የምትማረው በእነዚሁ ሁለት ዓመታት ነው።

ሠ/ ለወላጆችና ለታላላቆች

ክቡራን ወላጆች፣ ልጃችሁ የወደደውን ሲነግራችሁ የወንድማችን አባት እንደጠየቁት «ምን ትሠራበታለህ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ዝም ሲል ነገሩ ያለቀ አይምሰላችሁ። «እንግዲያው ሁለታችንም ጠይቀን እንምጣ» በሉት። ያች አንዲት ቃል አንድ ዓመት ታድናለች።

እኛ ታላላቆችም ጥፋት አለብን። የተጠየቅነው ስለ እርሷ ነበር፤ የመለስነው ግን ስለ ራሳችን ነው። ሐኪም ለመሆን የሚማረው «ተፈጥሮ»፣ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው «ማኅበራዊ» አላት። ማናችንም «አንቺ ምን ትወጃለሽ? የቱስ ላይ ትቸገሪያለሽ?» ብለን አልጠየቅናትም።

ስለዚህ ውድ እህታችን፣ መልሳችን ዘግይቶም ቢሆን ይኸው። የትኛው እንደሚሻልሽ እኛ አናውቅም። ገና አንድ ሙሉ ዓመት በእጅሽ አለ። ደብተሩን ዛሬ ጀምሪ፤ የጎደለውን መሠረት ሙዪ፤ የሥራ ሰዎችን ጠይቂ። የ10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ሲቀርብልሽ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ የምትሞይው ያን ጊዜ ነው። ምርጫው የሚፈጸመው በዚያች አንዲት ቀን ቢመስልም፣ የሚሠራው ከዚያ በፊት ባሉት ተራ ቀናት ነው። በሚመጣው ክረምት ስንመለስ ደብተርሽን ይዘሽ ነዪ፤ በዚህኛው ጊዜ ከመናገራችን በፊት እናነብበዋለን።