የማዕድ አገልግሎት በመከራ ቀን

በአገራችን ልማድ ሞት በገባበት ቤት ለጊዜው እሳት አይነድም፤ ምጣድም አይጣድም። ኀዘንተኛው ስለ ምግብ እንዳይጨነቅ ጎረቤቱ እንጀራውን ጋግሮ፥ ወጡን ሠርቶ፥ ንፍሮውን ቀቅሎ ያመጣለታል፤ አጠገቡም ተቀምጦ «እባክህ እህል ቅመስ» እያለ ያበላዋል። ይህም እዝን ይባላል። እዝን የሚያመጣ ሰው ሟቹን ሊያስነሣ አይችልም፤ ነገር ግን በሕይወት የቀረው በኀዘን ብዛት እንዳይወድቅ ይደግፈዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሥርዓት ጠብቀው ያቆዩልን፥ ያዘነ ሰው እጁ ለሥራ እንደማይታዘዝለት ዐውቀው ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ መንደሩ በሙሉ ኀዘንተኛ በሆነ ጊዜ እዝኑን የሚያመጣ ማን ነው? በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጎፋ ዞን፥ በገዜ ጎፋ ወረዳ፥ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከባድ ዝናም ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ጩኸቱን የሰሙ ጎረቤቶች አካፋና ዶማ ይዘው፥ መሣሪያ የሌላቸውም በባዶ እጃቸው የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ፥ ሐምሌ 15 ቀን ጧት ተራራው ዳግመኛ ተንዶ እነርሱንም ጨመራቸው። በዚህ አደጋ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የቅርቡ ጎረቤት ራሱ ከአፈር በታች በዋለበት ቀን የሩቁ ሰው ጎረቤት ሊሆን ግድ ነው። ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ በተናገረው ምሳሌ ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ ሰውን ባልንጀራ የሚያደርገው የቤት መቀራረብ ሳይሆን ምሕረት ማድረግ ነውና።

አንዳንድ ሰው «እህልና ዘይት ከተላከ ይበቃል፤ አብስሎ ማቅረብ ስለ ምን ያስፈልጋል?» ይል ይሆናል። እህል መላክ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ በአገራችን የእርዳታ ሥራም ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል የተለመደ መጠን ሆኖ ቆይቷል። ነገር ግን ስንዴ ምግብ እስኪሆን ድረስ ወፍጮ፥ ውሃ፥ ማገዶ፥ ድስትና ምጣድ ይፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ጤነኛ እጅ ይፈልጋል። የመሬት መናድ ወይም ጎርፍ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ሊወስድ ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ሰው ጥሬ እህል ታቅፎ ይራባል። ሐዋርያው ያዕቆብ የተራበውንና የታረዘውን በመልካም ቃል ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ገሥጾታል። ቃሉ ትኩስ፥ እጁ ግን ቀዝቃዛ የሆነ ሰው ለተራበው ምን ይጠቅመዋል?

ለዚህ አገልግሎት ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ የሆነን ራሱ ጌታችን ነው። ከትንሣኤው በኋላ ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ ደክመው ካደሩ በኋላ ወደ ጥብርያዶስ ባሕር ዳር በወጡ ጊዜ፥ የከሰል ፍም ዓሣም በላዩ፥ እንጀራም ተዘጋጅቶ አገኙ። ጌታም እንዲበሉ ጠራቸው። ጴጥሮስን ስለ ፍቅሩ የጠየቀው ከበሉ በኋላ ነበር። አስቀድሞ መገበ፤ በኋላ ጠየቀ። እኛም የተጎዳውን ሰው ሃይማኖቱንና ወገኑን፥ ወይም «ስለ ምን በዚያ ቦታ ተቀመጥህ?» ብለን ከመመርመራችን በፊት ማዕድ ልናቀርብለት ይገባል።

ሐዋርያትም መበለቶች ከዕለቱ ምግብ በተረሱ ጊዜ ለማዕድ አገልግሎት 7 ዲያቆናትን ሾሙ። የመረጡት በመንፈስ ቅዱስና በጥበብ የተመሉትን ነበር፤ ወጥ መጨለፍና እንጀራ ማደል መንፈሳዊ ጥበብ የሚያስፈልገው ሥራ ነውና። ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የሚቀደስለት ቅዱስ ባስልዮስም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ369 ዓ.ም. ገደማ ድርቅ ቂሣርያን ባስራበ ጊዜ፥ ገና ቄስ ሳለ፥ ባለጸጎችን መክሮ ጎተራቸውን አስከፈተ፤ ወንዶችን፥ ሴቶችን፥ ሕፃናትንና ሽማግሌዎችን ሰብስቦ በትላልቅ ድስት የተቀቀለ ጥራጥሬ አቀረበላቸው፤ ወገቡንም ታጥቆ ራሱ አገለገላቸው።

በዚህ አገልግሎት የሚሰማሩ በጎ ፈቃደኞች ሊጠብቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አክብሮት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በሀይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ ሖሴ አንድሬስ የተባለው የእስፓኝ ተወላጅ ምግብ አብሳይ ለተጎዱት ባቄላ ሲያበስል፥ የአገሩ ሰዎች «እኛ የምንበላው ተፈጭቶና ተጣርቶ ነው» ብለው አሠራሩን አሳዩት፤ እርሱም ከእነርሱ ተማረ። የተቸገረ ሰው ምርጫ የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። ከጎፋው አደጋ በኋላ 16 ቀን ሲሞላ ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ለጿሚው የጾም ምግብ፥ ለሙስሊም ጎረቤታችንም ሃይማኖቱ የሚፈቅድለትን ማቅረብ ይገባል።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። እጅን በሳሙና ሳይታጠቡ፥ ያልተጣራና ያልፈላ ውሃ እየተጠቀሙ ማብሰል በረኃብ ፈንታ በሽታን ማደል ነው። የበሰለውም ምግብ እስኪታደል ድረስ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ እንዳይወርድ መጠበቅ፥ ቀዝቅዞም ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ከውዳሴ ከንቱ መራቅ ነው። ሣህን የተቀበለውን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሣት፥ በቸርነት ስም ኀፍረቱን ለዓለም ማሳየት ነው። ጌታችን ምጽዋታችንን ቀኝ ስትሰጥ ግራ እንዳታውቅ አድርገን እንድንሰውር አዝዞናል።

አራተኛው ፍጻሜን ማወቅ ነው። እዝን ለዘለዓለም አይመጣም፤ ኀዘንተኛው ቀስ በቀስ ምድጃውን እንዲያነድ መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከተጎዱት መካከል የበረቱትን እናቶችና ወጣቶች በማብሰሉ ሥራ ማሳተፍ፥ በኋላም ድስቱን፥ ምጣዱንና ዘሩን ሰጥቶ ወደ ቤታቸው መሸኘት ይገባል። የአገልግሎቱ ፍሬ የሚታወቀው በታደለው ሣህን ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ እንደ ገና ጭስ በሚወጣበት ጎጆ ነው።

ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየአጥቢያው ለንግሥ በዓልና ለተዝካር ብዙ ሕዝብ የሚመግቡ እናቶች አሉ፤ ሰንበቴውና ማኅበሩም ትልልቅ ድስት፥ ሣህንና ሥርዓት ያለው አስተናጋጅ አለው። የጎደለን መሣሪያ ሳይሆን አስቀድሞ መመካከር ነው። መከራው ሳይመጣ ማን እንደሚያበስል፥ ማን እንደሚያጓጉዝ፥ ማን እንደሚያድል ዛሬ እንወስን። ጸበል ጸዲቅ ስንቀምስበት የኖርነው ድስት፥ እሳት ለማይነድበት ቤት እዝን የሚሄድበት ዕቃ ይሁን። ለተራበ የሰጠነውን ለራሱ እንደ ሰጠነው የሚቈጥርልን አምላካችን ለዚህ አገልግሎት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።