አዲስ ሃርድ ዲስክ ገብቶለት አልነሣም ስላለ ኮምፒዩተር

የደጋ አገር ሰው በቅሎው በመንገድ ላይ አልሄድም ብላ የቆመችበት እንደ ሆነ ወዲያው ዱላ አያነሣም። አስቀድሞ ኮቴዋን ያያል፤ ቀጥሎ ኮርቻዋን ይፈትሻል፤ ጭነቷም አዘንብሎ እንደ ሆነ ያቃናል። አልነሣም ያለውን ኮምፒዩተር የሚመረምር ሰውም እንዲሁ በተራ ሊፈትሽ ይገባዋል።

በመካነ ሰላም ዙሪያ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። የተማሪዎቹ ውጤት የተመዘገበበት ኮምፒዩተር ሃርድ ዲስኩ እያረጀ ስለ ሄደ፤ ሌላ ዲስክ ከደሴ ተገዝቶ በአቀስታ መንገድ መጣለት እንበል። አሮጌው ወጥቶ አዲሱ በገባ ጊዜ፤ ኮምፒዩተሩ በጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ጽፎ ቆመ። አንዱ መምህር «ዲስኩ ብልሹ ነው፤ ይመለስ» ይላል፤ ሁለተኛው «ኮምፒዩተሩ ሞቷል» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈረዱ። ዲስኩን ለመመለስ እንደ ገና እስከ ደሴ መሄድ ገንዘብና ቀን ይፈጃል፤ ከዚህም ሁሉ የሚከፋው፤ በችኮላ የተነካ ዲስክ የብዙ ዓመት ውጤት ይዞ ሊጠፋ መቻሉ ነው።

ኮምፒዩተር እንዴት ይነሣል

የኮምፒዩተር መነሣት በአራት ደረጃ ይፈጸማል። በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል። ሁለተኛ፤ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ፕሮግራም ነቅታ የኮምፒዩተሩን ክፍሎች ትቈጥራለች፤ ይህችም ፕሮግራም በአሮጌዎቹ ባዮስ፤ በአዲሶቹ ዩኢኤፍአይ ትባላለች። ሦስተኛ፤ ይህችው ፕሮግራም ከዲስኩ ውስጥ የማስነሻውን ጽሑፍ ትፈልጋለች። አራተኛ፤ የማስነሻው ጽሑፍ ሥራውን ሁሉ የሚያስተዳድረውን ዋና ፕሮግራም፤ ይኸውም ዊንዶውስን ወይም ሊኑክስን፤ ይጠራል።

ይህም ወደማያውቀው መንደር የመጣ መልእክተኛን ይመስላል። በመንደሩ መግቢያ የጭቃ ሹሙን ቤት የሚያመለክተው ሰው ካላገኘ፤ የጭቃ ሹሙ በቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንኳ አይገናኙም። እንግዲህ የመርማሪው ሥራ፤ ጉዞው ከአራቱ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደ ቆመ ማወቅ ነው።

ምርመራው በተራ

1ኛ፤ የተጻፈውን ማንበብ። በስክሪኑ ላይ የታየው ቃል ሳይጠፋ በወረቀት ይገልበጥ። ጽሑፉ ማስነሻ ያለበት ዲስክ አልተገኘም የሚል እንደ ሆነ፤ ጉዞው የቆመው በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ነገር ግን ስክሪኑ ጨርሶ ያልበራ እንደ ሆነ፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የዲስኩ አይደለም። ዲስክ ያልገባለት ኮምፒዩተር እንኳ ስክሪኑን አብርቶ ዲስክ የለም ብሎ ይናገራልና። በዚያን ጊዜ መፈተሽ የሚገባው ኤሌክትሪኩና ዲስኩ ሲቀየር የተነካካው ክፍል ነው።

2ኛ፤ ገመዱን መፈተሽ። ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፤ ገመዱም ከሶኬቱ ይነቀል፤ ላፕቶፕ የሆነ እንደ ሆነ ባትሪው ይውጣ ወይም ይለያይ። መርማሪውም አስቀድሞ የኮምፒዩተሩን ብረት በእጁ ይንካ፤ በሰውነት ላይ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ጥቃቅን ክፍሎችን ያበላሻልና። ሳታ የሚባለው ዲስክ ሁለት መሰኪያ አለው፤ 7 መስመር ያለው ጠባቡ የመረጃ፤ 15 መስመር ያለው ሰፊው የኤሌክትሪክ ነው። አንዱ እንኳ ላልቶ ከሆነ ዲስኩ እንደሌለ ይቈጠራል።

3ኛ፤ ዲስኩ መታወቁን ማየት። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ኤፍ 2 ወይም ዲሊት፤ በሌሎቹም ኤፍ 10 የሚባለው ቁልፍ ደጋግሞ ቢጫን የመነሻው ማስተካከያ ገጽ ይከፈታል። የዲስኩ ስም በዚያ ካልተገኘ፤ ገመዱ ወይም መሰኪያው ይለወጥ፤ ዲስኩም በሌላ ኮምፒዩተር ይሞከር። በዚያም ካልታወቀ ያን ጊዜ ዲስኩ ብልሹ ነው ቢባል ፍርዱ የተገባ ነው። ስሙ የተገኘ እንደ ሆነ ግን፤ ከሚነሣባቸው ነገሮች ተራ ውስጥ ዲስኩ ፊተኛ ይደረግ። ተረስቶ የተሰካ ፍላሽ ካለም ይነቀል።

4ኛ፤ ዲስኩ ባዶ እንዳይሆን ማሰብ። አዲስ ሃርድ ዲስክ ከሱቅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው፤ ዊንዶውስም ማስነሻም የለበትም። ከአሮጌው ዲስክ ፋይሎቹን ብቻ ወደ አዲሱ መገልበጥም አይበቃም፤ እህሉ ተጋዘ እንጂ በር አመልካቹ አልመጣምና። ስለዚህ ወይ ዲስኩ በሙሉ ከነማስነሻው በልዩ ፕሮግራም ይባዛል፤ ወይ ዋናው ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ እንደ አዲስ ይጫናል። ሲጫንም አዲሱ ዲስክ ብቻ ተሰክቶ ይቈይ። ሁለቱ በአንድነት ተሰክተው እንደ ሆነ፤ ዊንዶውስ በአዲሱ ላይ ገብቶ ማስነሻው በአሮጌው ላይ ሊቀር ይችላል፤ አሮጌው በወጣ ጊዜም ኮምፒዩተሩ አልነሣም ይላል።

5ኛ፤ የሁለቱን ሥርዐት መስማማት ማየት። ዲስክ የሚከፋፈልበት አሮጌው ሥርዐት ኤምቢአር፤ አዲሱ ጂፒቲ ይባላል። በአሮጌው ሥርዐት ማስነሻው የሚጀምረው 512 ባይት ከሆነችው ከዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ በተለመደውም ዲስክ ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ ያለውን ስፍራ አያዝም። በአሮጌው ሥርዐት የተሰናዳ ዲስክ፤ በዩኢኤፍአይ ብቻ እንዲነሣ በታዘዘ ኮምፒዩተር ላይ ቢገባ፤ ጤነኛ ሳለ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ስለዚህ ዲስኩ በተሰናዳበት ሥርዐት ኮምፒዩተሩም ይታዘዝ።

6ኛ፤ የሰዓቱን ባትሪ መመልከት። በዋናው ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባል የ3 ቮልት ክብ ባትሪ ይገኛል። ይህ ሲደክም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ቀኑን ይረሳል፤ በአሮጌዎቹም የተስተካከለው የመነሻ ተራ አብሮ ይጠፋል። ትናንት ተስተካክሎ የተነሣው ኮምፒዩተር ዛሬ ቢቆምና ቀኑም የተሳሳተ ቢሆን፤ የሚለወጠው ባትሪው ነው እንጂ ዲስኩ አይደለም።

ስለ ደጋው አየር

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በውስጡ ሳህኖች አሉት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይቢኤም ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች ነበሩት፤ የሚይዘውም 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። የሚያነበው ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ከጠጕር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ባነሰ ክፍተት በአየር ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ በሳሳበት ከፍታ ይህ ክፍተት ስለሚጠብ፤ ሠሪዎቹ ለተለመዱት ዲስኮች የሥራቸውን ወሰን ብዙ ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር አድርገው ይጽፋሉ። መካነ ሰላም በ2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከወሰኑ በታች ናት፤ ነገር ግን ወደ አምባ ፈሪት አቅጣጫ ያለው ደጋ ከወሰኑ በላይ ይወጣል። በዚያ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለው ኤስኤስዲ ይሻላል፤ የመንገድ መናጋትንም ይበልጥ ይችላል።

በመንገድ ላይ የተመታ ዲስክ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል። እንዲህ ያለው ደጋግሞ ማብራት ጕዳቱን ያበዛዋልና ወዲያው ይጥፋ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ዲስክም እርጥበት እንዳይቋጥር፤ ከነመጠቅለያው ጥቂት ሰዓት ሳይከፈት ይቈይ።

ስለ አሮጌው ዲስክ ጥንቃቄ

ዊንዶውስ ሲጫን በየትኛው ዲስክ ላይ ልጫን ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያች ሰዓት የተሳሳተ ጣት የተማሪዎቹን ውጤት ሁሉ ይደመስሳል። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ ወጥቶ ስሙ ተጽፎበት በደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። አዲሱ ከተነሣ በኋላ ውጤቱ ተገልብጦ፤ ከወረቀቱ መዝገብ ጋር ተመሳክሮ፤ ሁለተኛ ግልባጭም በፍላሽ ሳይያዝ አሮጌው አይደምሰስ። በምርመራውም ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ውጤቱም ይጻፍ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፍ። ሦስት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ኮምፒዩተሩ ቢነሣለትም የዳነው በምን እንደ ሆነ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ጥያቄዎች

1. ኮምፒዩተር በስንት ደረጃ ይነሣል? ማስነሻው የሚፈለገው በስንተኛው ነው?
2. ስክሪኑ ጨርሶ ካልበራ ጥፋቱ የዲስኩ ነው የማይባለው ስለ ምንድን ነው?
3. ፋይሎቹን ብቻ መገልበጥ ስለ ምን አይበቃም?
4. የደጋ ከፍታ የሚሽከረከረውን ዲስክ የሚጐዳው እንዴት ነው?
5. አሮጌው ዲስክ ከመደምሰሱ በፊት ምን ምን ነገር መፈጸም አለበት?