ከመድኃኒት ሱስ ለመዳን መድኃኒት መውሰድ ይገባልን?

መድኃኒት የሚለው ቃል በግዕዝ ድኅነ ከሚለው ግሥ የወጣ ስለ ሆነ በሁለት ወገን ይተረጐማል። አንደኛው ሥጋን ከደዌ የሚያድን ሥርና ቅጠል፣ በዛሬው ጊዜም ኪኒንና መርፌ ነው፤ ሁለተኛው የዓለም መድኃኒት የሚባለው የጌታችን ስም ነው። አባቶቻችን አንዱን ቃል ለሁለቱም ያዋሉት ነገሩን አምታተው አይደለም፤ ሥጋንም ነፍስንም የፈጠረ አንድ አምላክ መሆኑን ስለሚያምኑ ነው እንጂ። ዛሬ የምንጽፈው ግን ይህ ቃል ግራ ስለሚያጋባበት ነገር ነው። ሕመምን ለማስታገሥ የተሰጠው ኪኒን ራሱ ደዌ ሲሆን፣ ከዚያም ደዌ ለመዳን ሌላ ኪኒን ውሰድ ሲባል፣ ክርስቲያን የሆነ ሰው ምን ያድርግ?

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስል፣ በካፋ ዞን በጨና ወረዳ በዋጫ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት እናስብ። ይህን ስንል የማንንም ንስሐ መግለጣችን አይደለም፤ ንስሐ በመጽሔት አይጻፍምና፤ በብዙዎች ላይ የሚደርሰውን በአንድ ሰው መስለን እንናገራለን እንጂ። ይህ ወጣት በሞተር ብስክሌት ሰው እያመላለሰ የሚያድር ነበር። አንድ ቀን በዝናብ መንገድ ወድቆ እግሩ ተሰበረና ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ታዘዘለት። ሕመሙም ታገሠለት። አጥንቱ ከጠገነ በኋላ ግን ኪኒኑን መተው አቃተው። ቀድሞ አንድ ይበቃው የነበረው ሦስት፣ ቀጥሎም ስድስት ሆነ፤ ማዘዣ ሲያጣ ያለ ማዘዣ ከሚሸጡለት መግዛት ጀመረ። ሞተሩ ተሸጠ። እናቱም ልጇን ይዛ ወደ ጠበል ሄደች።

ትራማዶል በጀርመን አገር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 የተሠራ፣ ከ1977 ጀምሮም ለሽያጭ የዋለ መድኃኒት ነው። ኃይሉ ከሞርፊን ያነሰ ቢሆንም ወገኑ ከዚያው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች በአእምሮ ውስጥ ሕመም የሚሰማበትን መንገድ ይዘጋሉ፤ ከሕመሙም ጋራ ኀዘኑንና ጭንቀቱን ለጊዜው ያስረሳሉ። ሰውነት ከለመዳቸው በኋላ ድንገት ቢቀሩበት ይታወካል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ አጥንቱን ይቈረጥመዋል፤ ሆዱ ይላወሳል፤ ያስቀምጠዋል፤ አፍንጫውና ዐይኑ ውኃ ያወርዳሉ። ሰውየው በዚህ ጊዜ ኪኒኑን የሚሻው ደስታን ፈልጎ አይደለም፤ ከዚህ ሥቃይ ለማረፍ ነው።

በዚህ ስፍራ ለወንድሞቻችን ካህናት አጥብቀን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ትራማዶል ከመጠን በላይ ሲወሰድ ሰውን እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፤ አረፋም ያስደፍቃል። ይህን ያየ ቤተ ዘመድ ወዲያው ርኩስ መንፈስ ነው ይላል። እኛ መንፈስ የለም ብለን አናስተምርም፤ ወንጌልን የሚያነብ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። ነገር ግን በኪስ ውስጥ የኪኒን ልጣጭ እያለ አጥማቂው ስለ ኪኒኑ ሳይጠይቅ ስለ መንፈሱ ብቻ ቢጠይቅ፣ ልጁ እውነቱን የሚናገርበት ስፍራ ያጣል።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ግን ከመንዘፍዘፉ በኋላ የሚመጣው ነው። ወጣቱ በጠበሉ ስፍራ ሁለት ሳምንት ወይም አንድ ወር ያለ ኪኒን ሲቈይ የማቋረጡ ሥቃይ ያልፋል፤ ፊቱ ይመለሳል፤ እናቱም ስእለቷን ታገባለች። ሰውነቱም በዚያ ወራት የቀድሞውን ብዛት የመሸከም ልማዱን ይተዋል፤ ምኞቱ ግን ገና አልተወውም። ወደ ሰፈሩ ተመልሶ፣ አንድ ማታ ተናድዶ ወይም ከጓደኞቹ ጋራ ሆኖ፣ ቀድሞ ይውጥ የነበረውን ያህል ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ካፋ የማር አገር ነው፤ ጠጅ በየቤቱ አይታጣም፤ ጠጅና አረቄ ከእነዚህ ኪኒኖች ጋራ ሲገናኙ ትንፋሽን ይበልጥ ያዳክማሉ። እንግዲህ በጭካኔ ማስቈረጥ ብቻውን ማዳን አለመሆኑን፣ አንዳንድ ጊዜም የሞትን በር መክፈት መሆኑን ማወቅ ይገባናል።

ሐኪሞች ይህን ስላዩ ሌላ መንገድ አበጁ። ሜታዶን የሚባለው መድኃኒት ከዚያው ወገን ሆኖ ሳለ ኃይሉ ቀስ ብሎ የሚመጣና ቀስ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ በቀን አንድ ጊዜ ቢወሰድ ሥቃዩን ያስቀራል፤ በልክ ሲሰጥም ልቡናን አያሰክርም። በኒው ዮርክ ከተማ ዶክተር ዶልና ዶክተር ናይስዋንደር የተባሉ ባልና ሚስት በ1960ዎቹ አጋማሽ ለሄሮይን ሱሰኞች ሰጥተው ሞከሩት። ቡፕረኖርፊን የሚባለው ሁለተኛው ከምላስ ሥር እየሟሟ የሚወሰድ ሲሆን፣ ኃይሉ ከተወሰነ ልክ ስለማያልፍ ትንፋሽን በማቆም በኩል ስጋቱ ያነሰ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2005 ከመሠረታውያን መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷቸዋል። በጎረቤታችን በአፍሪካ ምሥራቅ የታንዛንያ ሙሂምቢሊ ሆስፒታል በ2011 በሜታዶን ማከም ጀምሯል፤ ኬንያም ተከትላለች። በብዙ አገር ተመርምሮ የታወቀው ነገር፣ በዚህ ሕክምና ያሉት ሰዎች ከሕክምናው ውጭ ካሉት ይልቅ ከግማሽ ባነሰ ቍጥር የሚሞቱ መሆናቸው ነው።

ይህ ሱስን በሱስ መለወጥ አይደለምን የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገር መለየት ያሻል። ሰውነት አንድን መድኃኒት መልመዱ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ለመድኃኒቱ ባሪያ መሆኑ ሌላ ነገር ነው። የስኳር ሕመምተኛ ያለ መርፌው አይውልም፤ ማንም ግን ሱሰኛ አይለውም። ሱሰኛ የምንለው ስለ ኪኒኑ የሚዋሸውን፣ የእናቱን ብር የሚሰርቀውን፣ ልጁን የሚረሳውን፣ እንደሚጎዳው እያወቀ መተው የማይችለውን ነው። ከሰው የጠፋው ግዕዛኑ፣ ማለትም የመምረጥ ነጻነቱ ነው። በልክ የታዘዘው መድኃኒት ይህን ነጻነት ቢመልስለት፣ ሰውየው ወደ ሥራውና ወደ ቤተ ክርስቲያን ቢመለስ፣ የዋለበትን ለንስሐ አባቱ ሳይዋሽ ቢናገር፣ ሱስ በሱስ ተለወጠ ለማለት አንደፍርም። ቡናም ቢሆን፣ ከካፋ ጫካ የወጣ ሆኖ ሳለ፣ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በብዙ ክርስቲያን ዘንድ የተነቀፈ መጠጥ እንደ ነበረ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ነገርን በስሙ ሳይሆን በሚሠራው ሥራ መመዘን ይሻላል።

መጻሕፍትም በዚህ አይቃወሙንም። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እግዚአብሔር እንደ ፈጠረው፣ መድኃኒትም ከምድር እንደ ወጣ ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የዕድሜ ጭማሬን ከእግዚአብሔር ካበሠረው በኋላ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግበት አዟል፤ ተስፋው ስለ ተሰጠ በለሱ አልቀረም። ቅዱስ ባስልዮስ ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት የሕክምናን ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ አድርጎ ይቀበላል፤ ተስፋን ሁሉ በሐኪም ላይ መጣልንም ሐኪምን መናቅንም አንድ ላይ ይነቅፋል። በኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ቆዝሞስና ድምያኖስም ያለ ዋጋ የሚያክሙ ሐኪሞች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ በእኛ ዘመን የሆነውን አንርሳ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ በጠበል ስፍራ ኪኒናቸውን የጣሉ ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለ ሆኑ ሕመምተኞች ሁለቱን አንድ ላይ እንዲወስዱ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለአንድ ደዌ ብቻ የተሰጠ ነው ብለን አናምንም።

ይሁን እንጂ መድኃኒቱን ሁሉ ሰው ይውሰድ አንልም። በጥቂት ኪኒን ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ ልኩን በየሳምንቱ እየቀነሰ ሊያስተወው ይችላል፤ ሜታዶን አያሻውም። ሜታዶን ራሱ ያለ ልክ ቢወሰድ ይገድላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ወራት በየቀኑ በሐኪም ቤት በባለሙያ ፊት ይሰጣል። ይህ ደግሞ ለዋጫ ሰው ቀላል አይደለም። መድኃኒቶቹ በየጤና ጣቢያው አይገኙም፤ ከቦንጋ እስከ ጅማ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የለም። ስለዚህ ቤተ ዘመድ ከመወሰኑ በፊት በአቅራቢያው ካለው ሆስፒታል ሄዶ መጠየቅ፣ ከዚያም ወደ ቦንጋ፣ ወደ ጅማ ወይም በአዲስ አበባ ወዳለው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚላክበትን መንገድ መረዳት ይኖርበታል። መድኃኒቱ ያለ ማቋረጥ የማይገኝ ከሆነ ጀምሮ በመንገድ ማቆም ራሱ አደጋ አለውና፣ ይህንንም ሐኪሙን ፊት ለፊት መጠየቅ ይገባል።

ውሳኔው የሕመምተኛው ነው፤ አማካሪው ሐኪም ነው። የንስሐ አባት ሥልጣን ማሰርና መፍታት በኃጢአት ላይ ነው፤ ሐኪም ያዘዘውን ኪኒን አቁም የማለት ሥልጣን አልተሰጠውም። እስከ መቼ ነው ብለው ለሚጠይቁም፣ ለአንዱ ወራት ለሌላው ብዙ ዓመታት ሊሆን ስለሚችል ቀን አንቈርጥላቸውም።

ስለ ቅዱስ ቁርባን የሚጠይቁን ብዙ ናቸው። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ መድኃኒት ስለ ሆነ፣ ቅዳሴው በማለዳ በሚያልቅበት ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ እንዲወሰድ ከሐኪም ጋራ መስማማት ይቻላል። በጾም ወራት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ሕመምተኛው ማታ እንዲወስድ ሰዓቱን አስቀድሞ ቀስ በቀስ ማዛወር ይቻል እንደ ሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ልኩን በራሱ እጅ አያጥፍ፤ አያክልም። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነ፣ ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ ለሕመምተኛ እንደሚራራ አስበን፣ የንስሐ አባቱ ለብቻው ይመልከትለት እንላለን።