የሚጮህ እንጂ የማያነሣ፦ የቫኪዩም ክሊነር ብልሽትና ፊዚክሱ

«ቫኪዩም ክሊነሩ ይጮኻል እንጂ አቧራ አያነሣም» የሚለው አቤቱታ በየቤቱ የተለመደ ነው። «ሞተሩ ደክሟል» የሚለው ፍርድም ብዙውን ጊዜ ያለ ምርመራ ይሰጣል። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤቱን መሣሪያ ወደ አንድ ጠጋኝ ወስዶ «አዲስ ሞተር ያስፈልገዋል» ተብሎ ነበር። የተጠየቀው ዋጋ ስለከበደው መሣሪያውን ይዞ ተመለሰና ቱቦውን በመጥረጊያ እንጨት ቢገፋው አንድ የሕፃን ካልሲ ወጣ። ሞተሩ ዛሬም ይሠራል። ለመሆኑ ጩኸቱ ስለ ብልሽቱ ምን ይነግረን ነበር?

በመጀመሪያ፣ መሣሪያው አቧራን «ይስባል» የሚለው አነጋገር በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ትክክል አይደለም። ከሞተሩ ጋር የተያያዘው ማራገቢያ በደቂቃ 20,000 ጊዜና ከዚያም በላይ እየተሽከረከረ አየሩን ወደ ኋላ ሲያስወጣ፣ ከማራገቢያው ፊት ያለው ግፊት ዝቅ ይላል። ያን ጊዜ በውጭ ያለው ከባቢ አየር አቧራውን እየገፋ ይዞት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1901 ከመጀመሪያዎቹ የቫኪዩም ክሊነር ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሁበርት ሴሲል ቡዝ ሐሳቡን የሞከረው በአንድ ምግብ ቤት ወንበር ላይ መሐረብ ዘርግቶ በአፉ አየር በመማግ ነበር። አቧራው በመሐረቡ ላይ ቀረ፤ አየሩ አለፈ። ዛሬ በመሣሪያው ውስጥ ያለው ከረጢትና ማጣሪያ የሚሠራውም ያንኑ የመሐረቡን ሥራ ነው።

ገፊው ከባቢ አየር ከሆነ ደግሞ የምንኖርበት ከፍታ ለውጥ ማምጣቱ አይቀርም። በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል የሆነው ግፊት አዲስ አበባ ላይ 77 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። አየሩም በዚያው መጠን ስስ ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚዞር ማራገቢያ የሚፈጥረው የግፊት ልዩነት ወደ አንድ አራተኛ በሚጠጋ መጠን ይቀንሳል። ሸክሙ የቀለለው ሞተር በጥቂቱ ስለሚፈጥን ጉድለቱ በከፊል ይካካሳል። ስለዚህ ጅቡቲ ላይ ምንጣፉን አንቆ ይይዝ የነበረ መሣሪያ አዲስ አበባ ሲገባ ቢለግም የግድ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጩኸቱ እንመለስ። ቱቦው ሲደፈን ድምፁ ቀጭንና ከፍተኛ ይሆናል። አብዛኛው ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየታገለ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። የሞተሩ ሥራ አየር ማንቀሳቀስ ነው። የሚንቀሳቀስ አየር ሲጠፋ ሥራው ይቀንሳል፤ ሸክም የቀለለለት ሞተርም ይፈጥናል። በዋት መለኪያ ቢለካ የሚወስደው ኃይል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ የቤት መሣሪያዎች ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው ተጣርቶ የሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ ፍሰቱ ሲቋረጥ ሞተሩ ሥራው ቀንሶለትም ይግላል። ከደቂቃዎች በኋላ በድንገት ቢጠፋ የሙቀት መከላከያው አቋርጦት ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የተደፈነውን አጽድቶ፣ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል መታገሥ ይገባል። መከላከያው ደጋግሞ የሚያቋርጥ ከሆነ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ መከላከያውን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ እሳት መጋበዝ ነው።

የተደፈነውን ቦታ ለማግኘት ቱቦውን ከመሣሪያው ነቅሎ፣ መሣሪያውን አስነሥቶ መዳፍን በመግቢያው ቀዳዳ ላይ መግጠም ነው። ቀዳዳው 3.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ የግፊቱ ልዩነትም 15 ኪሎፓስካል ቢሆን በመዳፍ ላይ የሚያርፈው ጉልበት 14 ኒውተን ይጠጋል፤ ይህም የ1.5 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ማለት ነው። መዳፉ ጠበቅ ብሎ ከተያዘ ጥፋቱ ያለው በቱቦው፣ በዘንጉ ወይም በመጥረጊያው ራስ ነው። ካልተያዘ ግን ከረጢቱንና ማጣሪያውን መመልከት ያሻል። ከረጢቱ ግማሽ ብቻ ሞልቶ እንኳ ሊደፈን ይችላል፤ ደቃቅ አቧራ የጨርቁን ወይም የወረቀቱን ቀዳዳዎች ይሞላቸዋልና። የሚታጠብ ማጣሪያ ከታጠበ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት። እርጥብ ማጣሪያ አቧራውን ወደ ጭቃ ይለውጣል፤ መጥፎ ሽታም ያመጣል። ድምፁ ሳይለወጥ አቧራ ማንሣቱ ብቻ ከቀነሰ ደግሞ የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም በደንብ ያልተዘጋ ክዳን ይጠረጠር።

ጨርሶ የማይነሣ መሣሪያ ሲያጋጥም ምርመራው ከሶኬቱ ይጀመር፤ እዚያው ላይ አምፖል ወይም ሌላ ዕቃ መሞከር ይበቃል። ቀጥሎ የሚፈተሸው በመጠቅለል ብዛት ውስጡ የሚበጠሰው ገመድ ነው። ከዚያ በኋላ ተራው የካርቦን ብሩሾቹ ነው፤ እነዚህ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሱ የግራፋይት ቁራጮች እንደ እርሳስ እየተፋቁ ያልቃሉ። መሣሪያው እየቆራረጠ መነሣቱና በሞተሩ ውስጥ ብዙ ብልጭታ መታየቱ የማለቃቸው ምልክት ነው። ዋጋቸው ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ስለሆነ «ሞተር ይቀየር» ከመባሉ በፊት ስለ እነርሱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከአሜሪካ በዘመድ የሚላኩ መሣሪያዎች የተለየ ችግር አለባቸው። የተሠሩት ለ120 ቮልት ሲሆን የእኛ መስመር 220 ቮልት ነው። ለአንድ ተራ ማሞቂያ ብናሰላው ኃይሉ በቮልቴጅ ካሬ ስለሚያድግ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። የሞተር ስሌት ይህን ያህል ቀላል ባይሆንም ውጤቱ ያው መቃጠል ነው። በ60 እና በ50 ኸርዝ መካከል ያለው ልዩነት ግን ለዚህ ዓይነቱ ባለብሩሽ ሞተር እምብዛም አያሳስብም። መፍትሔው ቮልቴጅ አውራጅ ትራንስፎርመር ነው፤ አቅሙም ሞተሩ ሲነሣ የሚወስደውን ከፍተኛ ፍሰት እንዲሸከም በመሣሪያው ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ የሚበልጥ መሆን አለበት።

በቡና ሥርዓት ማግሥት ከምድጃው ሥር የተበተነውን አመድ በቫኪዩም ክሊነር ማንሣት ይቅር። በአመዱ ውስጥ የተዳፈነ ፍም የአየር ፍሰት ሲያገኝ እንደገና ይቀጣጠላል፤ በዙሪያው ያለው ደግሞ ወረቀትና ደረቅ አቧራ ነው።