የነፍሰ ጡርና የአራስ እናት የሽንት ምርመራ ምን ይነግረናል?

ሕመም ለማስታገስ የተጀመረ ትራማዶል፣ ኮዴይን ወይም ፔቲዲን ሱስ ሆኖባት ሕክምና የጀመረች እናት፣ በእርግዝናዋ ጊዜም ሆነ ከወለደች በኋላ ሽንቷ ሊመረመር ይችላል። ውጤቱ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ወደ ዘመድ፣ ከዘመድም ወደ ሰፈር ከደረሰ ግን ለሕክምና የታሰበው ወረቀት የፍርድ ወረቀት ይሆናል። ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የምርመራውን ትርጉም ሊያውቁ ይገባል የምንለው ስለዚህ ነው።

ምርመራው የሚመልሰው ጥያቄ ጠባብ ነው፤ ይኸውም አንድ የተወሰነ ንጥረ ነገር ባለፉት ጥቂት ቀናት በሰውነቷ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው። ለምን እንደ ወሰደችው፣ ሱስ ይኑርባት አይኑርባት፣ ይልቁንም ልጇን በወጉ የምታሳድግ መሆን አለመሆኗን አይናገርም።

የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ለሞርፊን የተዘጋጀው የተለመደው ፈጣን መመርመሪያ ትራማዶልንና ሜታዶንን በአብዛኛው አያሳይም፤ ለእነዚህ የተለየ መመርመሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ምንም አልተገኘባትም» የተባለችው እናት ትራማዶል እየወሰደች ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ለሳል የታዘዘ ኮዴይን በሰውነት ውስጥ በከፊል ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሆስፒታል የተሰጣት ሞርፊንም በሽንቷ ይታያል። በሜታዶን የምትታከም እናት ሜታዶን ቢገኝባት ደግሞ መድኃኒቷን በአግባቡ እየወሰደች መሆኗን ያመለክታል፤ ሐኪሙን የሚያሳስበው አለመገኘቱ ነው። አጠራጣሪ ውጤት የሚረጋገጠው በዳባት ወይም በደባርቅ ጤና ጣቢያ በማይጠበቅ ረቂቅ የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ የኦፒዮይድ ሱስ ያለባት ነፍሰ ጡር መድኃኒቱን ለማቋረጥ ከመሞከር ይልቅ በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን ሕክምና እንድትቆይ ይመክራል። እነዚህ በማይገኙበትም ቦታ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ነው። በድንገት ማቋረጥ ያለ ጊዜው ምጥ ሊያመጣ፣ እናቲቱንም ወደ ባሰ ሱስ ሊመልሳት ይችላል። እንግዲህ «ጠበሉን ከጀመርሽ ኪኒኑን ጣይው» የሚል ምክር ከማንም አፍ ሊወጣ አይገባም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ማስተማራቸውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ለዚህም መንገዱ ያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የአራስነት ወራት ነው። እናቲቱ ወንድ ከወለደች 40፣ ሴት ከወለደች 80 ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቃ ትቆያለች። በእነዚህ ቀናት እንቅልፍ ታጣለች፣ ሐዘን ይጫናታል፣ ቀጠሮዋም ያልፋታል። ጥቂት ሳምንት ትታ የቆየችውን መድኃኒት በቀድሞው መጠን ብትወስድ ሰውነቷ ስለማይችለው ትንፋሿ ሊቆም ይችላል። ጠበል ለመርጨት ወደ አራስ ቤት የሚገቡ ካህን በዚህ ጊዜ እናቲቱን ከሚያዩ ጥቂት ሰዎች አንዱ ናቸው። ስለ ሽንት ውጤቷ ሳይሆን «ቀጠሮሽ መቼ ነው? ማን ያደርስሻል?» ብለው ቢጠይቁ ይበልጥ ይጠቅሟታል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተንቀጠቀጠ፣ በቀጭን ድምፅ ያለማቋረጥ ካለቀሰ ወይም ጡት መያዝ ካቃተው፣ በማኅፀን ሳለ የለመደው መድኃኒት መቋረጥ ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ ቡዳ ነው ሳይባል በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ሕክምናዋን በደንብ የምትከታተል እናት በአብዛኛው ማጥባት ትችላለች፤ ሐኪሟ ካልከለከላት ጡት እንዳትነፍገው ይነገራት።

ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሕፃን ታቅፎ ለመመላለስ ቀላል አይደለም። ሰበካ ጉባኤው ለመሳፈሪያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ቢመድብላት ሕክምናዋ እንዳይቋረጥ ይረዳል። ወጪው በቃለ ጉባኤ ሲመዘገብ «ለሕሙማን ርዳታ» መባሉ ይበቃል፤ ስሟ በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ ዘንድ ብቻ ይቆይ፣ የሕመሟ ዓይነትም በየትኛውም መዝገብ አይጻፍ።