ከአንድ ስፍራ ተቀምጦ ፍጥረትን ስለ መመልከት

ተማሪዎች ሆይ፤ መንገደኛ ብዙ አገር ያያል፤ የአንዱን አገር ጠባይ ግን የሚያውቀው በዚያው የተቀመጠ ሰው ነው። እንደዚሁም ሜዳውን በማለፍ ብቻ የተመለከተ ሰው ዛፉንና ወፉን አየሁ ይላል እንጂ፥ ዛፉና ወፉ በዓመት ውስጥ ምን እንደሚሆኑ አያውቅም። ስለዚህ አንድ ስፍራ መርጦ፥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ፍጥረትን መመልከት እንዴት እንደሆነና ምን እንደሚጠቅም በዚህ ትምህርት እንነግራችኋለን።

የመስቀል ወፍ ነገር

በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ ኮልፌ ቀራንዮ በሚባለው ክፍል፥ ከቤቴ አጠገብ በወንዝ ዳር ከአንዲት ወይራ ሥር አንድ ድንጋይ አለ። በዚያ ለተቀመጠ ሰው ወደ ምዕራብ የወጨጫ ተራራ፥ ወደ ሰሜን የእንጦጦ ጋራ ይታየዋል። በፊቱ ያለው ሣር በሰፈሩ ቤት ካልተሠራባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው።

መስከረም ሲጠባ በዚህ ሣር ላይ ላባው ጥቁርና ነጭ፥ ምንቃሩ ቀይ፥ ጅራቱ ከአካሉ የሚረዝም አንድ ትንሽ ወፍ ይታያል። በሰፈራችን የመስቀል ወፍ ይሉታል። አንድ ቀን ልጄ፥ «ከመስቀል በኋላ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፥ ከሽማግሎች እንደ ሰማሁት «በዓሉን አክብሮ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል» ብዬ መለስሁለት። እርሱም፥ «አባባ፥ ሲሄድ አይተውታል?» አለኝ። አላየሁም ነበር። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ መናገሬ አሳፈረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጧት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ግማሽ ሰዓት በድንጋዩ ላይ መቀመጥን ልማድ አደረግሁ። በጥቅምት ወፉ እንደ ቀድሞው ነበር። በኅዳር ግን ረጅሙ የጅራቱ ላባ ረገፈ፤ ጥቁሩም ላባ በቡናማ ተዥጐረጐረ፤ ግማሽ ልብሱን አውልቆ ግማሹን እንደ ለበሰ ሰው ሆነ። በታኅሣሥ ጥቁርና ነጩ ወፍ ፈጽሞ ጠፋ። ነገር ግን የሣር ፍሬ ከሚለቅሙት ቡናማ ድንቢጦች መካከል ምንቃሩ ቀይ የሆነ አንድ ወፍ አገኘሁ። እርሱም በበጋው ሁሉ ከዚያ ሣር አልተለየም። ክረምቱ ሲገባ እንደገና ጥቁር ላባ አበቀለ፤ በነሐሴም ጅራቱ ረዘመ።

እንግዲህ ወፉ የሄደ አልነበረም፤ ልብሱን የለወጠ ነበር። ወንዱ ወፍ ያማረ ላባ የሚለብሰው በመራቢያው ወራት ሴቲቱን ለመሳብ ነው፤ የመራቢያውም ወራት ዝናብ ወርዶ ሣር የሚያፈራበት ጊዜ ነው። ያ ጊዜ ሲያልፍ ላባውን አርግፎ ሴቲቱን ይመስላል። ይህን ለልጄ በነገርሁት ጊዜ፥ ቀድሞ የነገርሁት ስሕተት እንደ ነበረም ጨምሬ ነገርሁት።

የሌላ አገር ምሳሌ

በእንግሊዝ አገር ሰልቦርን በምትባል መንደር ጊልበርት ዋይት የሚባል ቄስ ነበረ፤ የኖረውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1720 እስከ 1793 ነው። ከዕድሜው የሚበዛውን በዚያች መንደር አሳልፎ ስለ ወፉ፥ ስለ ተክሉና ስለ አየሩ የተመለከተውን ይጽፍ ነበር። በዘመኑ ብዙዎች እንደ አንድ ወገን ይቈጥሯቸው የነበሩትን ትናንሽ ወፎች፥ ዜማቸውን ለይቶ በመስማት ሦስት ወገን መሆናቸውን አስረዳ። መጽሐፉ በ1789 ታትሞ እስከ ዛሬ ይነበባል። ይህን ሁሉ ያገኘው ሩቅ አገር በመሄድ ሳይሆን በደጁ በመታገሥ ነው።

የመመልከት ሥርዓት

1ኛ፤ ስፍራው ከቤታችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ ቅርብ ይሁን፤ ሩቅ የሆነ ስፍራ ቶሎ ያሰለቻልና። ሰዓቱም ሁልጊዜ አንድ ይሁን።

2ኛ፤ ስትቀመጡ ዝም በሉ፥ አትነቃነቁ። ወፍ ሰው ሲመጣ ይሸሻል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ብትታገሡ ግን እንደ ድንጋይ ቈጥሯችሁ ይመለሳል። ወንጭፍ አትያዙ፤ ጎጆና ዕንቍላልም አትንኩ።

3ኛ፤ የደብተራችሁን ገጽ በሁለት ክፈሉት። በአንዱ ወገን በዓይናችሁ ያያችሁትን፥ በሌላው ከሰው የሰማችሁትን ጻፉ፤ ሁለቱን አታደባልቁ። ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ ደመናውንና ነፋሱንም አትርሱ።

4ኛ፤ ምንም ያልታየበት ቀን ቢሆን «ዛሬ አልመጣም» ብላችሁ ጻፉ። ሣሩ ታርሶ ወይም ቤት ተሠርቶበት ወፉ ምግቡን አጥቶ የጠፋ እንደሆነ፥ መቼ እንደ ነበረና መቼ እንደ ቀረ የሚመሰክረው ደብተራችሁ ነው።

ሌላም የሚታይ ነገር

ወፍ በሌለበት ጥላ አለ። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ጥላቸውን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ያውቁ ነበር። እናንተም አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተክላችሁ በየሳምንቱ በቀትር ጥላውን ለኩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ስለምትገኝ፥ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማገባደጃ ባለው ጊዜ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ፥ በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ወገኑን በሚለውጥበት ሰሞን፥ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ እንጨቱ በቀትር ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። ይህንንም ስለ ተጻፈ ብቻ አትቀበሉት፤ ለክታችሁ እዩ።

ጥያቄ

1. የመስቀል ወፍ ወደ ሌላ አገር አለመሄዱ በምን ታወቀ?
2. ያዩትንና የሰሙትን ለይቶ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?
3. በመንደራችሁ «ይሄዳል» ወይም «ይጠፋል» ከሚባለው ወፍ ወይም አውሬ አንዱን ምረጡ። ከአንድ ስፍራ ሆናችሁ አንድ ዓመት ተመልክታችሁ ያገኛችሁትን ለመምህራችሁ አስረዱ።