የካንዴላ ገመድ አጠባበቅና አለዋወጥ በአሮጌ የቤንዚን መኪናዎች

በ1977 ዓ.ም. በአገራችን በደረሰው የድርቅ አደጋ ጊዜ የእርዳታውን ሥራ ካሰናከሉት ምክንያቶች አንዱ የመጓጓዣ እጥረት እንደነበረ ይታወሳል። ስለ መጓጓዣ ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው ትልቁ የጭነት መኪና ነው። ይሁን እንጂ እህሉ ለሚገባው ሰው በትክክል የሚታደለው መዝጋቢው፣ የጤና ረዳቱና ተቆጣጣሪው አስቀድመው በቦታው ሲገኙ ነው። እነዚህን የምታመላልሰው ደግሞ ትንሿ የመስክ መኪና ናት።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በአንድ ወቅት የተሳፈረባት አሮጌ የቤንዚን መኪና ጤዛ በጣለበት ማለዳ በብዙ ችግር ተነሥታ፣ የመጀመሪያውን ዳገት ስትጀምር መቆራረጥ ያዘች። ሾፌሩ ቤንዚኑ ቆሻሻ አለበት ብሎ በመገመት ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ፤ የቤንዚን ማጣሪያውንም ለወጠ። ሥራው ሲያልቅ እኩለ ቀን ሆኖ ነበር። መኪናዋም በደህና ስለ ሄደች ሁላችንም ችግሩ የተወገደ መሰለን። በማግሥቱ ማለዳ ግን ያው ሕመም ተመለሰ። ማታ በጨለማ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ፣ ከአንዱ የካንዴላ ገመድ ወደ ሞተሩ ብረት ሰማያዊ ብልጭታ ሲዘል ታየ። ለካ መኪናዋን አድኗት የነበረው የካርቡራተሩ እጥበት ሳይሆን ገመዱን ያደረቀው ፀሐይ ኖሯል። በዚህ መካከል ራሽን ለመቀበል ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ሜዳ ላይ አድረዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ከጤዛ ጋር መጥቶ ከፀሐይ ጋር የሚጠፋ ብልሽት ሲያጋጥም፣ ቤንዚኑን ከመጠርጠር በፊት ገመዶቹን መመርመር ይገባል።

ሀ/ የገመዱ ተግባር

ባትሪው የሚሰጠው ኃይል 12 ቮልት ብቻ ነው። ቦቢናው ይህንን ወደ 20,000 ቮልትና ከዚያም በላይ ከፍ ያደርገዋል። ኃይሉ በመካከለኛው ገመድ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ከዚያም በየገመዱ ወደ ካንዴላዎቹ ይከፋፈላል። ይህን ያህል ኃይል ዘወትር አቋራጭ መንገድ ስለሚፈልግ፣ የገመዱ ልባስ ከተሰነጠቀ ካንዴላው ድረስ ሳይሄድ በስንጥቁ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ስለሌለው ይህ ትምህርት አይመለከተውም። በቤንዚን የሚሠራ የውኃ ፓምፕና ጄኔሬተር ግን ቢያንስ አንድ የካንዴላ ገመድ ስላለው ይመለከተዋል።

ለ/ ገመዱን የሚጎዱ ነገሮች

በቆላማ የድርቅ አካባቢዎች የገመዱ ጠላት ሙቀትና አቧራ ነው። ሙቀት ልባሱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል። አየሩ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ ግን ስንጥቁ ላይታወቅ ይችላል። ያው መኪና በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ብዙ ሰፋሪዎች ወደ ሰፈሩባቸው እንደ ኢሉባቦርና ወለጋ ወዳሉ ዝናባማ አካባቢዎች ሲዛወር፣ እርጥበቱ በስንጥቁ ገብቶ የተደበቀውን ብልሽት ያወጣዋል። ስለዚህ ተሽከርካሪ ከደረቅ አካባቢ ወደ እርጥብ አካባቢ ከመመደቡ በፊት ገመዶቹ ሊመረመሩ ይገባል። ከዚህም ሌላ የሞተር ዘይት ጎማውን ያላላዋል። ካንዴላ ሲፈታ ገመዱን ይዞ መጎተትም የውስጡን ክር ይበጥሳል።

ሐ/ አመረማመር

1. ገመዶቹን በደረቅ ጨርቅ መወልወል፤ በቤንዚን ማጠብ ግን ጎማውን ስለሚጎዳ አይገባም።

2. እያንዳንዱን ገመድ በቀስታ በማጠፍ ስንጥቅ፣ የተቃጠለ ምልክት ወይም ዝገት መኖሩን ማየት። የዲስትሪቢዩተሩ ክዳንም በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለበት መለወጥ አለበት።

3. በጨለማ ሞተሩን አስነሥቶ ብልጭታ መኖሩን መመልከት። ሞተሩ ሲሠራ ገመዶቹን በእጅ መንካት ክልክል ነው። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ መኪና በዚህ መንገድ አይመረመርም።

4. የኤሌክትሪክ መለኪያ ካለ የእያንዳንዱን ገመድ ኦም መለካት። ለአሮጌ የቶዮታ ሞተሮች የተወሰነው ከፍተኛ ልክ በአንድ ገመድ 25,000 ኦም ነው። ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ቁጥር የሚያሳይ ወይም ጭራሽ የማያሳልፍ ገመድ ይጣላል።

መ/ አለዋወጥ

ሞተሩ ከቀዘቀዘና የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ከተፈታ በኋላ፣ አሮጌዎቹን ገመዶች በአንድ ጊዜ መንቀል የብዙ ሰዎች ስሕተት ነው። ትክክለኛው አሠራር አንዱን ነቅሎ፣ በርዝመት የሚመሳሰለውን አዲስ ገመድ በቦታው ተክቶ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ነው። ሲነቀል ቆቡን ይዞ ትንሽ በማዞር መሳብ፣ ሲገጠምም ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪይዝ ድረስ መግፋት ያስፈልጋል። ገመዶቹ ከጭስ ማውጫው ርቀው በመያዣዎቻቸው ውስጥ መታሰር አለባቸው።

ቅደም ተከተሉ ከተደበላለቀ ሞተሩ ላይነሣ፣ ወይም በካርቡራተሩ በኩል ሊተኩስ ይችላል። ባለ አራት ሲሊንደሩ አሮጌ የቤንዚን ላንድሮቨር የሚያቃጥለው በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ ነው። ቱ-ኤፍ የተባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የላንድክሩዘር ሞተር ደግሞ በ1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 ተራ ያቃጥላል። ሮተሩ የሚዞርበት አቅጣጫ እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ፣ ክዳኑን አንሥቶ ሞተሩን ጥቂት በማዞር ማረጋገጥ ይገባል።

የመገናኛ ራዲዮ ለተገጠመላቸው መኪናዎች የሚገዛው ገመድ ጣልቃ ገብ ድምፅን የሚቀንስ መሆን አለበት። ራዲዮው ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚጨምር የመንጫጫት ድምፅ ካሰማ፣ ያለ መከላከያ የተገጠመ የመዳብ ገመድ ወይም የተበላሸ ገመድ መኖሩን ያመለክታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከጣቢያ የሚተላለፈው የእህል መጠንና የእደላ ቀን በስሕተት ሊሰማ ይችላል።

ሠ/ በመንገድ ላይ ብልሽት ሲያጋጥም

ሞተሩን አጥፍቶ ገመዱን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ስንጥቁን በናስትሮ መጠቅለልና ከብረት አርቆ ማሰር እስከ ጣቢያ ድረስ ሊያደርስ ይችላል። ይህ ግን ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ጥገና አይደለም።

በማጠቃለል፣ የመስክ ጣቢያ ኃላፊዎች በየመኪናው የመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ከገመዶቹ ሁሉ የሚረዝመውን አንድ መለዋወጫ እንዲያኖሩ፣ ገመዶቹም ካንዴላ በሚፈተሽበት ጊዜ ሁሉ አብረው እንዲመረመሩና የተለወጡበት ቀን በመኪናው መዝገብ ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይኖርባቸዋል። ረጅሙ ገመድ የአጭሩን ቦታ ሊሸፍን ይችላል፤ አጭሩ ግን የረጅሙን አይሸፍንም። ለአንድ ገመድ የሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። በእደላ ሜዳ ላይ የሚያድረው ተረጂ የሚከፍለው ግን ብዙ ነው።